«ሜሞሪ አንሷል» ላለው ኮምፒውተር የተሰጠው መልስ ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ለአንድ አንባቢ የሰጣችሁትን መልስ አነበብነው። ጠያቂው ላፕቶፓቸው 4 ጊጋባይት ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚቀመጡበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) እንዳለው፣ 500 ጊጋባይቱ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ለሲ ድራይቭ 60 ጊጋባይት ብቻ እንደተሰጠው፣ ከዚያም ላይ ክፍት የቀረው 2 ጊጋባይት ያህል እንደሆነ ጽፈው ነበር። ኤክሴልና ክሮም አብረው ሲከፈቱ «ኮምፒውተርዎ ሜሞሪ አንሶታል፤ ፋይሎችዎን ሴቭ አድርገው እነዚህን ፕሮግራሞች ይዝጉ» የሚል መልእክት እየመጣ አስቸግሯቸዋል። ዓምዱ «ቨርቹዋል ሜሞሪውን የራምዎ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 6144 ሜጋባይት ያድርጉት፤ ካልሆነ ፎርማት ይደረግ» ብሎ መለሰላቸው። ቁጥሩ ከድሮ ልማድ የተወረሰ ነው፣ ፎርማቱም ከጥገና ሱቅ ልማድ። የተዘነጋው ሰውዬው ራሳቸው የተናገሩት ነገር ነው። 6144 ሜጋባይት ማለት 6 ጊጋባይት ነው፤ ሲ ላይ ያለው 2 ነው። የት ይቀመጥ?

ቨርቹዋል ሜሞሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ራም ሲሞላ የተረፈው ወደ ሃርድ ዲስክ የሚፈስበት ማጠራቀሚያ ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ዊንዶውስ ሲ ላይ ፔጅፋይል የሚባል የተደበቀ ፋይል አለው። ራም ላይ ተቀምጠው ለጊዜው ያልተነኩ ገጾችን፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎባይት የሆኑትን፣ ወደዚያ ያወርዳል፤ ሲፈለጉ ይመልሳቸዋል። መልእክቱን የሚያመጣው ግን ሌላ ሂሳብ ነው። አንድ ፕሮግራም ሜሞሪ ሲጠይቅ ዊንዶውስ ቃል ይገባለታል፤ ቃል የተገባው ሁሉ ተደምሮ ደግሞ ከራምና ከፔጅፋይሉ ድምር ማለፍ አይችልም። እኛ አገር ሠርግ ሲደገስ «ግማሹ ይቀራል» ተብሎ ከወንበሩ በላይ ካርድ ይበተናል። ዊንዶውስ እንደዚያ አይደግስም። ቀድሞ ከተጠሩት ግማሾቹ ባይመጡ እንኳ፣ ወንበር ለሌለው እንግዳ ካርድ አይሰጥም። «ራሜ ገና 75 በመቶ ላይ ነው፣ ታዲያ ለምን አነሰ ይለኛል?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፦ ያለቀው ወንበሩ ሳይሆን ካርዱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የካርዱ ሂሳብ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ አብረው ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ይጫኑ፤ ከዚያ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ»። ከታች «ኮሚትድ» ከሚለው ሥር በእዝባር (/) የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 5.1/5.4። የመጀመሪያው እስካሁን ቃል የተገባው ነው፣ ሁለተኛው ጣሪያው። ሁለቱ ተቀራርበው መልእክቱ ከመጣ ችግሩ በእርግጥ የቨርቹዋል ሜሞሪ ማነስ ነው። ቁጥሩ 4/12 እያለ አንድ ፕሮግራም ብቻ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» እያለ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጣሪያው ዝቅ የሚልባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ በብዛት የሚያጋጥመው ደግሞ የጠያቂያችሁ ዓይነት፣ ሲ ድራይቭ መሙላቱ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 የፔጅፋይሉን መጠን ራሳቸው እንዲወስኑ ሲተው፣ ፋይሉ እስከ ራሙ ሦስት እጥፍ ወይም እስከ 4 ጊጋባይት፣ ከሁለቱ እስከሚበልጠው፣ እንዲያድግ ይፈቅዳሉ። በዚህ ላይ ግን ሌላ ገደብ አለ፤ ከድራይቩ ስፋት አንድ ስምንተኛ አያልፍም። ለ4 ጊጋባይት ራም ሦስት እጥፉ 12 ነው፤ የ60 ጊጋባይት ሲ አንድ ስምንተኛ 7.5 ነው፤ ክፍት ቦታው 2 ነው። የሚገዛው የመጨረሻው፣ ትንሹ ቁጥር ነው። በቅንብሩ ላይ «ማክሲመም» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ፈቃድ እንጂ የተያዘ ቦታ አይደለም። 20000 ቢጻፍበትም ዲስኩ ላይ የሌለ ቦታ አይወለድም።

ሲን አጥብቦ ዲን ማስፋት በጥገና ሱቆቻችን የቆየ ልማድ ነው። ዓላማው መልካም ነው፦ ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲ ፎርማት ሲደረግ ዲ ላይ ያለው የባለቤቱ ሥራ ይተርፋል። ነገር ግን 60 ጊጋባይት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ሰፊ ነበር። ዊንዶውስ 11 ገና ለመጫን ቢያንስ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ሲን በኋላ ለማስፋት በዲስክ ማኔጅመንት ሲሞከር «ኤክስቴንድ ቮልዩም» የሚለው ደብዝዞ አልጫንም የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍቱ ቦታ ከሲ በስተቀኝ ተጣብቆ መገኘት አለበት፤ ዲ ሲጠብብ ግን የሚለቀው በቀኝ ጫፉ በኩል ያለውን ስለሆነ መሐል ላይ ራሱ ዲ ይጋረጣል። ዲን ገልብጦ፣ ሰርዞ፣ እንደገና መፍጠር ይቻላል። ለሜሞሪ ችግር ብቻ ሲባል ግን ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም።

ሲን ማስለቀቅ ይቀድማል። ቦታውን የሚበላው ሰው ያልጠረጠረው ነገር ነው። ዴስክቶፕ ላይ የተከመረ ቪዲዮና ፎቶ ሲ ላይ ነው ያለው፤ ዳውንሎድስም፣ ዶክዩመንትስም እንዲሁ። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሎኬሽን»፣ «ሙቭ» በማለት ወደ ዲ ማዛወር ይችላሉ፤ ዲ ላይ ለዚሁ አዲስ ፎልደር ይፍጠሩለት፣ ዲን ራሱን በባዶው አይምረጡ። ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ይፈልግ፤ ከዚያም በቴሌግራሙ ሴቲንግስ፣ «አድቫንስድ» ውስጥ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» የሚለውን ከፍቶ የተጠራቀመውን ያጥፋ። ዲስክ ክሊንአፕ ሲከፈት ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ ይዘጋዋል፤ ትልልቆቹ ያሉት ግን «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» ከተጫነ በኋላ ነው። የቀድሞው የዊንዶውስ ቅጂና የአፕዴት ቅሪቶች እዚያ ይገኛሉ፣ ብዙ ጊጋባይትም ሊሆኑ ይችላሉ። የቀድሞው ቅጂ ከጠፋ ወደ ፊተኛው ዊንዶውስ መመለስ እንደማይቻል ግን ይታወቅ። ሃይበርኔት የሚጠቀምበት ፋይልም አለ፤ በዊንዶውስ 10 በተለምዶ የራሙን 40 በመቶ ያህል ይይዛል። ሃይበርኔትን ማጥፋት ቦታውን ይለቅቃል፤ ነገር ግን መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር፣ ባትሪው ሲያልቅ ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚያድር ላፕቶፕ ከ1.6 ጊጋባይት የበለጠ ዋጋ አለው። እኛ ብንሆን አንነካውም።

ቀጥሎ ፔጅፋይሉን ወደ ዲ ማስፋት ነው። አጭሩ መንገድ፣ በስታርት መፈለጊያው ላይ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ የዊንዶውስን መልክና ብቃት ስለ ማስተካከል የሚናገረውን ውጤት መክፈት ነው። በሚመጣው መስኮት «አድቫንስድ» የሚለውን ታብ፣ ከዚያ በቨርቹዋል ሜሞሪ ሥር ያለውን «ቼንጅ» ይጫኑ። ከላይ ያለውን፣ ዊንዶውስ ለሁሉም ድራይቭ በራሱ ይወስን የሚለውን ምልክት ያንሱ፤ እሱ ሳይነሳ ከታች ያሉት ሁሉ ደብዝዘው ነው የሚቆዩት። ዲን መርጠው «ከስተም ሳይዝ» ላይ መጠኑን ይጻፉ። ቁጥሩ በሜጋባይት ነው፤ 1 ጊጋባይት 1024 ሜጋባይት ነው። 4 ብለው የጻፉ ሰዎች 4 ጊጋባይት የሰጡ መስሏቸው ነበር። ከዚያ «ሴት» የሚለውን ይጫኑ። ይህችን ቁልፍ ዘልሎ በቀጥታ «ኦኬ» ማለት ነው ከሁሉ የሚበዛው ስህተት፤ መስኮቱ ይዘጋል፣ የጻፉት ግን አልተመዘገበም። መጠን ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሠራል፤ ሲቀነስ ወይም ከአንድ ድራይቭ ሲነሳ ግን ሪስታርት ይጠይቃል።

ሲ ላይ ያለውን ጨርሶ አያጥፉት፤ 1024 ያህል ይተዉለት። ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ሲወድቅ የመውደቁን ምክንያት የሚመዘግበው በዚህ ፋይል በኩል ስለሆነ፣ እሱ ከሌለ ጠጋኙ የሚያነበው ነገር አይኖረውም። ዲ ከሲ ጋር በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ክፋይ ከሆነ ይህ ማዛወር ቦታ እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ዲ ራሱን የቻለ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከሆነ ሁለቱንም ይጨምራል። «ፔጅፋይል ኤስኤስዲን ይጨርሳል» ተብሎ የሚወራውን ግን ተዉት። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን ሲሠራ ያወጣው መረጃ እንደሚለው ከፔጅፋይሉ የሚነበበው ወደ እሱ ከሚጻፈው 40 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ኤስኤስዲን የሚያስረጀው ደግሞ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። አንድ ተኩል እጥፍ የሚለው ቀመር ራም በሜጋባይት በሚቆጠርበት ጊዜ የተለመደ ግምት ነበር። ብዙ ራም ላለው ሰው ብዙ ፔጅፋይል፣ ትንሽ ላለው ትንሽ ያዝዛል፤ የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው ነው። ትክክለኛው ልኬት ከሥራው ይወሰዳል። በሥራ ቀን የተለመዱትን ፕሮግራሞች ሁሉ ክፍት አድርገው፣ በወሩ መጨረሻ የሚከፈተውን ትልቁን የሂሳብ ፋይል ጨምረው፣ ኮሚትድ የሚለው የፊተኛው ቁጥር ከፍተኛው ስንት እንደደረሰ ይመዝግቡ። 9.5 ደረሰ እንበል። ራሙን 4 ሲቀንሱ 5.5 ይቀራል፤ መተንፈሻ 2 ይጨምሩ፣ 7.5 ጊጋባይት። በ1024 ሲባዛ 7680 ሜጋባይት ይሆናል። ማክሲመም ሳይዝ ይህ ነው። ኢኒሻል ሳይዝ ከዚያ ከግማሽ ባያንስ ይመረጣል። ፋይሉ ትንሽ ሆኖ ጀምሮ በሥራ መሐል እንዲያድግ ከተተወ፣ በዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ላይ እስኪያድግ ድረስ ሜሞሪ የጠየቀው ፕሮግራም ሊከለከልና ሊዘጋ ይችላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በሰዓቱ አጠገብ «የቨርቹዋል ሜሞሪ ፋይሉን እያሳደግሁ ነው» የምትል ቢጫ መልእክት ያወጣ የነበረው በዚያች ቅጽበት ነበር።

ጣሪያውን ከማንሳት በፊት ግን በላተኛው ማን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ዊንዶውስ ራሱ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው እንጂ። ኢቨንት ቪወር ተከፍቶ በ«ዊንዶውስ ሎግስ»፣ «ሲስተም» ውስጥ ቁጥሩ 2004 የሆነ፣ «ሪሶርስ ኤግዞስሽን ዲቴክተር» የሚል ማስጠንቀቂያ ይፈለግ። እጥረቱ በደረሰበት ሰዓት ቨርቹዋል ሜሞሪ በብዛት ይዘው የነበሩትን ሦስት ፕሮግራሞች በስምና በባይት ይዘረዝራል። አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር ካዩ አይደንግጡ፤ 1,073,741,824 ባይት 1 ጊጋባይት ነው። በቀጥታ ለመከታተል ደግሞ በታስክ ማናጀር «ዲቴይልስ» ውስጥ የዓምዶቹን ራስጌ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሴሌክት ኮለምንስ» በማለት «ኮሚት ሳይዝ»ን ያስጨምሩ። በተለምዶ የሚታየው «ሜሞሪ» የሚለው ዓምድ ራም ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የካርዱን ቁጥር አያሳይም። ጠዋት 300 ሜጋባይት የነበረ ፕሮግራም ሥራ ሳይጨመርበት ከሰዓት በኋላ 2 ጊጋባይት ከደረሰ ሜሞሪ እያፈሰሰ ነው። እሱን ማዘመን ወይም በየጊዜው ዘግቶ መክፈት ነው እንጂ፣ ለሚያፈስስ ገንዳ ማጠራቀሚያ ማስፋት ቀኑን ማራዘም ብቻ ነው። ስሙ የማይታወቅ ፕሮግራም ሜሞሪውንም ፕሮሰሰሩንም ይዞ ከተገኘ፣ በተለይ ክራክ ከተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ከተሰበረ ሶፍትዌር ጋር የገባ ከሆነ፣ ቫይረስ መፈተሽ ይቅደም። የፕሮግራሞቹ ድምር ትንሽ ሆኖ ኮሚትድ ግን ትልቅ ከሆነ በሜሞሪው ገጽ ላይ «ነን-ፔጅድ ፑል» (ወደ ዲስክ የማይወርድ የዊንዶውስና የድራይቨሮች ሜሞሪ) የሚለውን ይመልከቱ። በጥቂት መቶ ሜጋባይት መሆን ያለበት በጊጋባይት ከተቆጠረ ጥፋተኛው ድራይቨር፣ ማለትም አንዱን የኮምፒውተሩን ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው፤ ከኔትወርክ ካርዱ ይጀምሩ።

ራም እናጸዳለን የሚሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ከዚህ አንዱንም አይፈቱም። ራም ላይ ያለውን ገፍተው ወደ ዲስክ ያወርዳሉ፤ ቁጥሩ ቀንሶ ሲታይ ደስ ይላል፣ ቃል የተገባው ድምር ግን ያው ነው። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ሲነካ ሁሉም ከዲስክ ተመልሶ መነበብ አለበት።

ጣሪያው ገና ሰፊ ሆኖ ሳለ አንድ ፕሮግራም ብቻ ሜሞሪ አለቀብኝ ካለ፣ 32 ቢት መሆኑን ይጠርጥሩ። 32 ቢት ፕሮግራም በተለምዶ ከ2 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም፤ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ከሆነ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ እስከ 4 ይደርሳል። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ትልቅ የኤክሴል ፋይል አልከፈት የሚለው በአብዛኛው ኦፊሱ 32 ቢት ስለሆነ ነው። እስከ ኦፊስ 2016 ድረስ፣ ጫኙ ካልመረጠ በስተቀር የሚገባው 32 ቢቱ ነበር። በ«ፋይል»፣ «አካውንት»፣ «አባውት ኤክሴል» ይታያል። ዊንዶውሱ ራሱ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ 8 ጊጋባይት ራም ገብቶለትም መጠቀም የሚችለው 3 ጊጋባይትና ትንሽ ነው። ፎርማት ማድረግ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው፤ ከ32 ወደ 64 ቢት በማሻሻል መሸጋገር ስለማይቻል። ፎቶሾፕ «ስክራች ዲስክ ሞልቷል» ሲል ግን ከፔጅፋይሉ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ፎቶሾፕ የራሱ ጊዜያዊ ፋይል አለው። በ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ስክራች ዲስክስ» ላይ ዲን መምረጥ ይበቃል።

ዳር ላይ ያለ አንድ ሌላ መልእክት አለ፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጊዜያዊ ፔጅፋይል እንደፈጠረ የሚናገር። ፋይሉ የተመደበበት ዲስክ ሲነቀል ወይም ፊደሉ ሲቀየር፣ አንዳንዴም ዲስኩ ሲጎዳ ይመጣል። «ኖ ፔጂንግ ፋይል» አድርጎ ሪስታርት ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና መመደብ፤ ከተመለሰ ዲስኩን በቼክ ዲስክ መፈተሽ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ሥራን ሌላ ቦታ መገልበጥ።

ራም መግዛት መቼ ነው የሚያስፈልገው? መልእክቱ ቆሞም ኮምፒውተሩ ከተንፏቀቀ። ራም ሲጠብብ ገጾች ያለማቋረጥ ይመላለሳሉ፤ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ደግሞ በሰከንድ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ የተበታተነ ንባብ ነው የሚችለው፣ በእያንዳንዱ 4 ኪሎባይት ቢያመጣ 400 ኪሎባይት መሆኑ ነው። በታስክ ማናጀር ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ይቆማል። ሪሶርስ ሞኒተር ውስጥ፣ «ሜሞሪ» ላይ «ሃርድ ፎልትስ» (ገጾች ከዲስክ መነበብ ያስፈለገባቸው ጊዜያት) የሚለው ግራፍ ያለ ዕረፍት በመቶዎች ከሄደ ፔጅፋይል ማስፋት መልእክቱን እንጂ ዝግታውን አያነሳም። ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት በሜሞሪው ገጽ ላይ «ስሎትስ ዩዝድ» (የተያዙ የራም መሰኪያዎች) የሚለውን ይመልከቱ፤ ከ2ቱ 1 ተይዟል ካለ ክፍት ቦታ አለ። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ሽፋኑን ከፍቶ ማየት ከግዢ ይቀድማል። ያለውን ራም ነቅለው ጽሑፉን ያንብቡ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ቁርጣቸው የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ በግድ መግፋት ስሎቱን ይሰብራል። አሳሳቹ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት የሚሠራውና ዲዲአር3ኤል በ1.35 የሚሠራው ነው፤ ሁለቱም ይገባሉ። ከኢንቴል አራተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉ አብዛኞቹ የዲዲአር3 ላፕቶፖች ኤል ያለበትን ብቻ ስለሚፈልጉ፣ ሌላው ሲገባ ገጹ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፍጥነታቸው የሚለያይ ሁለት ራሞች አብረው ከሠሩ በዘገምተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ፤ ችግር የለውም። ያገለገለ ራም ከተገዛ እግሩን በንጹሕ ላጲስ ጠርጎ ማስገባትና ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክን አንድ ጊዜ ማስኬድ በኋላ ከሚመጣ ሰማያዊ ገጽ ያድናል።

ለጠያቂያችሁ እንግዲህ፦ ዴስክቶፕና ዳውንሎድስን ወደ ዲ ያዛውሩ፣ በዲስክ ክሊንአፕ የሲስተም ፋይሎቹን ያጽዱ፣ ሲ ላይ ቢያንስ 10 ጊጋባይት ክፍት ይሁን። ከዚያ ፔጅፋይሉን ሲ ላይ ከ1024 እስከ 1024፣ ዲ ላይ ከ4096 እስከ 8192 አድርገው፣ በሁለቱም ላይ «ሴት» ብለው ሪስታርት ያድርጉ። ኮሚትድ ላይ የኋለኛው ቁጥር መጀመሪያ 9 አካባቢ ያሳያቸዋል፤ ፋይሉ ሲያድግ እስከ 13 ይደርሳል። ሁለተኛው ስሎት ክፍት ከሆነ ባለ4 ጊጋባይት ራም ይጨምሩ፤ ከጨመሩም በኋላ ፔጅፋይሉን አያጥፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
በኮምፒውተር ጥገና ላይ የተሰማራን ሁለት ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ